የጋሽ ዋቅሹማ መላጊያ

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ግራ መዝጊያ፦ ቁመት 2 ሜትር ከ14፣ ወርድ 62። ቀኝ መዝጊያ፦ ቁመት ያው፣ ወርድ 61 ተኩል። እንጨቱ ዋንዛ። የሁለቱም ታች በስብሷል፣ ፊታቸው አራት ዓይነት ቀለም ተለቅልቋል። የወይዘሮ አማል በር ነው፤ ከአባታቸው ቤት የወጣ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። በማሽን እንዳይነካ፣ ለመስከረም ይድረስልኝ ብለዋል። ልጃቸው ፋይዛ የምትዳረው በዚህ በር ወጥታ ነው አሉ።

ይህ ደብተር የልክ ደብተሬ ነው። ከልክ ሌላ ጽፌበት አላውቅም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኝ እጄ አላርፍ አለ፤ ጋሽ ዋቅሹማ ሣጥናቸውን ሰጡኝ።

ሰኞ የዓይናቸውን ሞራ ሊገፈፉ ነው። ለአንድ ወር አቧራ አጠገብ እንዳይደርሱ ተብለዋል። ጌጃ ሰፈር ያለችው ወርክሾፓችን ውስጥ ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ቤካና እኔ። ቤካና እኔ በማሽን ነው የምንሠራው፤ ችፑድ፣ ቁም ሣጥን፣ የኮንዶሚኒየም ኪችን ካቢኔት። እሳቸው በእጅ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያንን ሣጥን ከእሳቸው በቀር የከፈተ ሰው አላየሁም።

አንድ በአንድ እያወጡ አሳዩኝ። አራት መሮ፣ መጋዝ፣ ስኳድራ፣ መሳያ ድንጋይ፣ ሞረድ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት። መጨረሻ ላይ ረጅሙን መላጊያ። አካሉ ወይራ ነው፣ ራሳቸው ናቸው የቀረጹት። ብረቱ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ቀጥቃጩ ስድስት ሠርቶ ነበር አሉ፤ አንዱን የመረጡት በሞረድ እየነኩ ነው። ሞረድ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ይቅር። ሞረዱ ከተንሸራተተበት ጠንካራ ነው፣ እሱን ያዝ።

ትእዛዛቸው ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት ባይደንዝም ድንጋዩ ላይ አሥር ጊዜ፣ ውሃ እያጠጣህ። ማታ በዘይት ጨርቅ ጠርገህ። በጎኑ ይተኛል እንጂ በስለቱ አይቆምም። አሮጌ እንጨት ከመላግህ በፊት ምስማር እንዳይኖር ማግኔቱን አስኪድበት። ማሽን አጠገብ አይደርስም። ይሄን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ተናገሩት፤ ምን ሁለቴ ያስብላቸዋል ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ቀኝ ዓይናቸው በሰላም ተገፏል። ግራው በሳምንቱ።

ግራውን መዝጊያ ጀመርኩ። ኧረ ይሄ መላጊያ! ፍቅፋቂው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ይወጣል፣ በስተጀርባው ብርሃን ይታያል። ቀለሙ ተገፎ ዋንዛው ብቅ ሲል ቤካ ማሽኑን አጥፍቶ ሊያይ መጣ። እኔም ትንሽ ጉራ ነፋሁ። ጋሽ ዋቅሹማም ከዚህ የተሻለ አያወጡትም አልኩት። እሱ ሳቀ።

አሁን ሳነበው ደስ አላለኝም፤ ግን አልሰርዘውም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ምስማር። ቀለሙ ሥር የተቀበረ፣ ጭንቅላት የሌለው። ማግኔቱ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ትላንት አስኪጄ ነበር፤ ዛሬ ዝናቡ ሲያጓራ፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ፣ ወይዘሮ አማል ስልክ ላይ ሆነው "ደረሰ ወይ?" ሲሉኝ ተውኩት። ስለቱ መሀል ላይ ተሸረፈ። የስንዴ ፍሬ ያህል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት። ግማሹም አልሄደ። ወይዘሮ አማል ደወሉ። ደግመው ደወሉ። ቤካ ግራይንደሩን አስነስቶ የሆነ ብረት ይቆርጣል። ለአንድ ደቂቃ አልኩ። ሽርፋቱን ብቻ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ለሚስቴ ለመሰለች አልነገርኳት፤ ሚስት ጉድ ስትሰማ ዝም ማለት አይሆንላትም፣ የእኔዋ በተለይ።

ሽርፋቱ እውነትም ግራይንደሩ ላይ በአንድ ደቂቃ ጠፋ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጫፉ ላይ ጠጅ የመሰለ ቀለም መጣ፣ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ሳላስበው ሰማያዊ። የጥፍሬን ያህል ወርድ፣ ከዳር እስከ ዳር። ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ ችስ አለ። ግን ውሃው ምን ያደርግለታል፤ አንዴ ሰማያዊ የሆነ ብረት ጥንካሬው ሄዷል። ይሄን የማያውቅ አናጢ የለም። እኔም አውቃለሁ። እጄ ሲሠራ እያወቅሁ ነበር።

ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ መስታወት እስኪመስል። ቤካ አይቶኛል። ሰውዬው ገና ሞራቸውን ተገፈው ነው፣ አያዩትም ብሎ ቀለደ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ስስለው ይሳላል፤ ፀጉር ይላጫል። እንጨት ላይ ግን ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ ይሞታል። የግራውን መዝጊያ የቀረውን በቤካ የኤሌክትሪክ መላጊያ ጨረስኩት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከፊት ሲታይ ያው ነው። ወይዘሮ አማል መጥተው አይተው ደስ አላቸው። ቀኙን ጋሽ ዋቅሹማ ራሳቸው መጥተው እንዲጨርሱት ተውኩት፤ ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ከመሰለች ጋር ጋሽ ዋቅሹማን ጠየቅናቸው። ጥቁር መነጽር አድርገው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማዶ ባለው የልብስ ገመድ ላይ ያሉትን መቆንጠጫዎች እየቆጠሩ ለባለቤታቸው ለእትዬ እንዳለች ያስረዳሉ። እንደ ልጅ ሆነዋል። መላጊያው እንዴት ነው አሉኝ። "ሰላም ብሎዎታል" አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

መጡ። ቤካ በሩን ከፍቶ ጋሽ ዋቅሹማን ተቀበላቸው፤ እኔ የሆነ የማይረባ ነገር እየለካሁ ነበር። ሣጥኑን ከፈቱ፣ የዘይት ጨርቁን አሸተቱ፣ "አልረሳህም፣ ጎሽ በሱ" አሉኝ፣ ስሜን እንደ ልማዳቸው አሳጥረው። ከዚያ ያለቀውን ግራ መዝጊያ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። መሀል ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አሻሽተው አዩዋቸው።

አላወቁም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ቀኙን መዝጊያ ሞርሳው ላይ አሰሩ። አሥር ጊዜ ድንጋዩ ላይ፣ ውሃ፣ በአውራ ጣታቸው ነክተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ፍቅፋቂው ወጣ። በአራተኛው ዱቄት ሆነ። ቆሙ። ሳሉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደግሞ ሳሉት። ዋንዛው ዝናብ ጠጥቶ ይሆናል አሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንጋዩ ጎድጉዶ ይሆናል ብለው ድንጋዩን ሲሚንቶ ላይ አስተካከሉት። እኔ የቁም ሣጥን ማጠፊያ ስገጥም ዋልኩ። አንዱን ማጠፊያ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ገጠምኩት።

ሞረዱ ከሣጥኑ አፍ ላይ ነበር። አንስቼ ግድግዳው ላይ ከተደገፈው ጣውላ ጀርባ አደረግሁት። ለጊዜው ነው፤ ቦታው ተጨናንቆ ነበር።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ሞረዱን ፈለጉ።

ብረቱን ልጠይቀው አሉ። ሣጥኑን ገለበጡ፣ መሳቢያውን አወጡ። ተንበርክከው ጠረጴዛው ሥር በእጃቸው ሰጋቱራውን እየገፉ ፈለጉ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ጉልበት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "ሞረዴን አይተሃል፣ በሱ?" አሉኝ። አላየሁም አልኩ። እኔው ሆስፒታል ስገባ የሆነ ቦታ ጥዬው ይሆናል አሉ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ።

ቤካ ሞረድ አለው፤ ግን የሱ አልቆ ለምንም አይሆንም። እሳቸውም አልጠየቁትም።

ነገ አውጥቼ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አልመለስኩትም። አሁን ብመልሰው ከየት መጣ ይላሉ።

እትዬ እንዳለች የጾም ምሳ ይዘው መጥተው ወደ ጥግ ጠሩኝ። ጋሽህ ምን ሆነው ነው አሉኝ። ቤት ውስጥ ቢላዋ ሲስሉ ነው የሚያመሹት አሉኝ። የእኛው ሲያልቅ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱ ሲያልቅ ከሥጋ ቤቱ እያስመጡ ይስላሉ፤ ጾም ነው፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል ቢሏቸው አልሰማ አሉ። እጄ መሞቱን አለመሞቱን ልወቅ ነው የሚሉት። እትዬ እንዳለች ይሄን ሲነግሩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር።

ቢላዋው ይቆርጥ የለም እንዴ አልኳቸው። ይቆርጣል፣ ግን ቢላዋ ማንም ይስለዋል ይላሉ አሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ መሰለች ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። የእኛም ቢላዋ ለካ እሳቸው ጋ ሄዶ ነበር። ሳይሰማኝ ነው የገባው፣ ምን ዓይነት እጅ ነው ያላቸው አለችኝ እየሳቀች። ራት አልበላሁም። ጾሙ ነው፣ ሆዴን ነፋኝ አልኳት።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ። ግን የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ ሂድና ንገረው ነው የሚሉኝ። ያንን ደግሞ ያለ እሳቸውም አውቀዋለሁ።

ዛሬ ቤካ በር አፍ ላይ ቆሞ በስልክ ለሆነ ሰው ሲያወራ ሰማሁት። "ሽማግሌው አልቆላቸዋል፣ አንድ መዝጊያ ይኸው ሳምንት ሙሉ" አለ። ዞር ስል ጋሽ ዋቅሹማ በእኔና በበሩ መሀል ቆመዋል፣ ውሃ መቅጃውን ይዘው። ሰምተዋል። ፈገግ አሉና ውሃቸውን ቀድተው ገቡ።

ቤካን ልደበድበው አማረኝ። እሱ ምን አደረገ? እሱ እኮ ያየውን ነው የተናገረው። እውነቱን ነግሮ ያላረመው ማነው?

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች በር ላይ ይጨፍራሉ። ጋሽ ዋቅሹማ ሥራ አልገቡም። በዓል ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ቡሄ ሆኖ ሥራ ቀርተው አያውቁም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ጋሽ ዋቅሹማ ወይዘሮ አማልን አስጠሩ። ቀኙን መዝጊያ ወደ ማሽን ቤት ውሰዱት፣ እኔ ጨርሻለሁ አሏቸው። ወይዘሮ አማል ደነገጡ፤ ኧረ ጋሽ ዋቅሹማ፣ የአባቴ በር እኮ ነው፣ እጠብቃለሁ አሉ። ለማሳቅም ሞከሩ፣ ልጄን ለሌላ ዓመት አስተላልፋታለሁ ብለው። ጋሽ ዋቅሹማ ግን እንባቸው መጣና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ዓይኔን መልሶ እጄን ወሰደው" አሉ።

ወይዘሮ አማል እስከ ማክሰኞ ይቆይ ብለው ሄዱ።

ከዚያ ሣጥኑን ዘግተው ወደኔ ገፉት። "ለአንተ ይሁን በሱ፣ ሌላ ማንን አምናለሁ" አሉ።

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፍቻለሁ፣ ቤካ ምስክሬ ነው። የወጣው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው። ተቀበልኩ። ሣጥኑን ብብቴ ሥር አድርጌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ የሆነ ጀለስ ነው፣ ፋዘር ሣጥኑን ከእግርህ ሥር አድርገው አለኝ። መሬት አላስቀምጥም ብዬ ተጣላሁት። ለክብሩ! እኔ!

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

መሰለች ሣጥኑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣ ዳንቴል አለበሰችው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር የባሌ መምህር ያወረሱት ነው ትላለች። እባክሽ አንሺው አልኳት። ምነው ኮራህ እንዴ አለችኝ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ብረቱን ከመላጊያው አውጥቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ መርካቶ ወደ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ወሰድኩት። አንዴ በሞረድ ነካ አደረገው። ነከሰ። ቀና ብሎ አየኝና ይሄን የመሰለ ብረት ማን አቃጠለው አለኝ። አንድ ሰው አልኩ። "እጁ ይቆረጥ" አለ፣ እንደ ቀልድ።

ከዚያ ከጫፉ ወደ ኋላ እየነካ ሄደ። ጥፍር ከሚያህለው በኋላ ሞረዱ ተንሸራተተ። የሞተው ጫፉ ብቻ ነው አለኝ፤ ያንን በድንጋይና በውሃ ቀስ እያልክ ፈግፍገው፣ እንዳይሞቅ፣ ከኋላ ያለው ደህና ነው። ስንት ቀን ይፈጃል ስለው፣ እንደ ሰዉ ትዕግሥት ነው አለ።

ይኼን ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱ ድንጋይና ውሃ ነበር።

ለወይዘሮ አማል ደውዬ እስከ ሳምንት ይታገሱኝ አልኳቸው። እሺ ከማለት በቀር ምን ይበሉ።

ነሐሴ 21

ድንጋይ። ውሃ። ጣቶቼ ቆስለዋል። ደስ አለኝ ስቆስል። አስተካክዬው ስመልስላቸው ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ማንም ምንም ማወቅ የለበትም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ባልፈጠር ይሻለኝ ነበር።

ስለቱ ተመለሰ። ሃያ ጊዜ ላግሁበት፣ አልደነዘም። በደስታ እየሮጥኩ መላጊያውንና አንድ ቁራጭ ዋንዛ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ይሞክሩት አልኳቸው። አልፈልግም ሲሉ እጃቸውን ይዤ አስያዝኳቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣ። ደገሙት። ወጣ። እኔ ፊታቸው ሲበራ ልይ ብዬ ቆሜያለሁ።

ማን ሳለው አሉኝ። ሌላ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። እኔ አልኩ።

መላጊያውን ቀስ ብለው በጎኑ አስተኙት። "አየሽ እንዳለች፣ ለእኔ እምቢ ያለው ለእሱ ታዘዘ። እንግዲህ እጅ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው" አሉ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነው፣ ለልጅ የሚባለውን ሁሉ ለእኔ አሉት፤ ልጅ የላቸውም። እኔ ተንበርክኬ አሜን፣ አሜን እላለሁ።

ያቃጠልኩት ብረቱን ብቻ መስሎኝ ነበር። ብረቱን አዳንኩትና እሳቸውን ጨረስኳቸው።

ነሐሴ 23

ሞረዱን ከጣውላው ጀርባ አወጣሁት። ትንሽ ዝጓል። ዘይት ቀባሁት። ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጭኔን ይወጋኛል። ነገ ተክለ ሃይማኖት ነው።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወርክሾፕ መጥቼ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እንዳይጠፋብኝ የተባለውን እንደተባለ ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ እንዳለች ጸበል ጸዲቅ አቅርበው ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሰዉ እስኪወጣ ጥግ ላይ ጠበቅሁ። ጎረቤቶቹ ይሄ ነው ወራሹ እያሉ ያዩኛል። ሁሉም ሲሄድ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

"ጋሽ ዋቅሹማ፣ እጅዎ ምንም አልሆነም። ብረቱን ግራይንደር ላይ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ አሥር ቀን።"

መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። ገለበጡት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ እትዬ እንዳለችን ጠሩ። "ነይማ፣ እጄ አይደለም አለኝ። እጄ ደህና ነው" አሉ። ሳቁ። እትዬ እንዳለችም ሮጠው መጡ፣ የባላቸውን እጅ ይዘው ሳሙት፣ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እትዬ እንዳለች በደስታቸው ለእኔም ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ዳቦውን ይዤ ቆሜያለሁ። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። መሰደብ ነበር የተዘጋጀሁት እንጂ ሲደሰቱ ማየት አልነበረም።

እንግዲያስ ግራው መዝጊያ አሉ፣ እንደነቃ ሰው። የመጣሁ ቀን ስዳስሰው የማሽን ሞገድ፣ ማሽን የሚተወው ጥቃቅን ወጣ ገባ፣ ነካኝ፤ ጣቴ ዋሸኝ ብዬ ተውኩት አሉ። አዎ፣ በማሽን ነው የጨረስኩት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ብረት ማንም ያቃጥላል፣ እኔም በጉብዝናዬ የመምህሬን አቃጥዬባቸዋለሁ አሉ። ልቤ ትንሽ መለስ አለ። አለቀ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ።

"ሞረዱስ?" አሉኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወድቆ አገኘኸው እንዴ አሉኝ። በዚያች ቃል ብወጣ እወጣ ነበር፤ እሳቸውም ሊያወጡኝ የፈለጉ ይመስለኛል።

"አይደለም፣ እኔ ነኝ የደበቅሁት" አልኩ።

"ተንበርክኬ ስፈልገው አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

"አዎ።"

"ያን ቀን ብረቱን ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር።"

"አዎ።"

ሞረዱን አንስተው አገላበጡት። ውጭ ዝናቡ ጀመረ። "ሃያ ቀን ያህል እጄን ቀበርኩት እኮ በሱፍቃድ" አሉኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሙሉ ስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ሣጥኑን ሰኞ አመጣልዎታለሁ አልኩ። አምጣው አሉ። ዳቦው እጄ ላይ እንዳለ ወጣሁ። ለመሰለችም መንገር አለብኝ፤ ዳንቴሏን ታንሳ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

መሰለች ትላንት ሰማች። ዳንቴሏን አነሳች። ሣጥኑን ራሷ ጠርጋ፣ በር ድረስ ይዛልኝ ወጣች።

ጋሽ ዋቅሹማ ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። ደህና አደርክ አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቀኙን መዝጊያ አሰሩ። ድንጋይ፣ ውሃ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ላጉት። ቀኑን ሙሉ ሳይቆሙ ላጉት፣ ፍቅፋቂው እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። ቤካ ቆሞ ያይ ነበር፤ ኋላ ሄዶ ጋሽ ዋቅሹማ ይቅርታ፣ በስልክ ያልኩትን ሰምተውኛል አላቸው። ያየኸውን ነው ያልከው አሉት፣ ትከሻውን መታ አድርገው።

ለእኔ ግራውን መዝጊያ አሳዩኝና እንደገና በእጅ ላገው አሉ። በራሴ አጭር መላጊያ ጀመርኩ። ስኳድራ አቀብለኝ ሲሉ አቀብላለሁ። ውሃ ጨምር ሲሉ እጨምራለሁ። ሌላ ወሬ የለም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

የማሽኑ ሞገድ ዛሬ ጨርሶ ጠፋ። በጣቴ ዳስሼ አረጋገጥኩ፤ ከዚያ እሳቸው ዳሰሱ። እጃቸው የትም ሳይቆም ታች ደረሰ። ጥሩ ነው አሉ። ጎሽ በሱ ግን አላሉም፤ እኔም ጠብቄ ነበር ማለት ነው።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

ሁለቱም መዝጊያ ቁመት 2 ሜትር ከ13 ተኩል። ወርድ 62 እና 61 ተኩል። በሩ ሄደ። ወይዘሮ አማል ከሰው ጋር መጥተው ሲያስጭኑ በሁለት እጃቸው አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ ዳሰሱና የቱ ነው የእርስዎ፣ የቱ ነው የበሱፍቃድ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዋቅሹማ ሁለቱም የዚህ ቤት ነው አሏቸው። ሰርጉ ላይ ሁላችሁንም እጠብቃለሁ ብለው ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ሣጥናቸውን ማዘጋጀት ጀመሩ። ከእንግዲህ ሣጥኑ እዚህ አያድርም፤ ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ፣ ማታ ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ የሰጋቱራ ከረጢት ልጥል ወጣሁ። ስመለስ ሄደዋል። እንኳን አደረሰህ በለው ብለው ለቤካ ነግረውታል።

የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የልክ ደብተሬ ላይ፣ ሞረዱ ተቀምጧል። በዘይት ተጠርጓል፣ በጎኑ ተኝቷል። ረስተውታል ብዬ ይዤው በር ድረስ ሮጥኩ። ቤካ ከኋላዬ ጠራኝ። አልረሱትም አለኝ፤ ሁለት ጊዜ አንስተው፣ ሁለት ጊዜ አስተካክለው ነው ያስቀመጡት።

ተመልሼ ያነሳሁበት ቦታ አስቀመጥኩት። ይኼን የምጽፈው ከጎኑ ነው።